ሰኔ በቶርነትሬስክ፦ በረዶው እንደለቀቀ መቅዘፍ

በሰሜን ስዊድን የቀዘፋ ወቅት መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው በረዶው ነው። ከአርክቲክ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ርቆ በተራሮች መካከል የተኛው የቶርነትሬስክ ሐይቅ 70 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እስከ 168 ሜትር ይጠልቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይም 341 ሜትር ላይ ይገኛል። የብርዱን ወራት በሙሉ የሰውንና የበረዶ ሞተርን ክብደት የሚሸከም ጠንካራ ወለል ሆኖ ይከርማል። በአካባቢው ያለችው የኪሩና ከተማ ሰዎች ትንንሽ ጎጆዎቻቸውን እየጎተቱ በበረዶው ላይ ያቆማሉ፤ ወለሉን በስተውም ዓሣ ሲያጠምዱ ይውላሉ። ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ጥቂት ሳምንታት ግን ለማንም አይመቹም፤ በረዶው ለእግር የማይታመን፣ ለጀልባም ገና ያልተከፈተ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ግድም ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነሣና፣ በፀሐይ ሲበሰብስ የሰነበተውን ንጣፍ ሰባብሮ ወደ ምሥራቅ ይነዳዋል። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ባለችው በአቢስኮ መንደር የሚገኘው የሳይንስ ምርምር ጣቢያ በረዶው የሚይዝበትንና የሚለቅበትን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከታተል ቆይቷል፤ መዝገቡም ሐይቁ በበረዶ ተሸፍኖ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ መምጣቱን ያሳያል።

ሰው ሁሉ በሐምሌ የሚመጣበትን ሐይቅ እኔ በሰኔ መጀመሪያ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ትንኝ ነው። የሰሜኑን የሐምሌ ትንኝ ያላየ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሊወስደው ይችላል፤ ያየ ግን ስለ ብርድ ምንም ቢነግሩት ሰኔን ይመርጣል። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው፤ በዚያ አካባቢ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ሦስተኛው ራሱ በረዶው ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ሐይቁ መድረስ ከባድ አይደለም። ከኪሩና ወደ ኖርዌይዋ የወደብ ከተማ ናርቪክ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ደቡባዊውን ዳርቻ ተከትሎ ያልፋል፤ የመኪናው መንገድ ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1984 ድረስ አልነበረም። ከኪሩና እስከ አቢስኮ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጉዞ ነው። እኛም ኪሩና በሚኖረው ወዳጄ መኪና ጣሪያ ላይ ካያኮቹን፣ ማለትም ላያቸው የተከደነ ጠባብና ረጃጅም የመቅዘፊያ ጀልባዎቻችንን፣ አስረን ሄድን። ሩቅ የሚባለው የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው፤ በዚያ በኩል የመኪና መንገድ የለም፣ የስልክ መረብም እየተቆራረጠ ይጠፋል። ስለዚህ ከስልኩ ሌላ በሳተላይት የድረሱልኝ ምልክት የሚልክ መሣሪያ በደረት ኪስ ይያዛል፤ በካያኩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ሰውና ጀልባ በተለያዩ ጊዜ የሚጠቅመው ለጀልባው ነው።

በዚህ ወቅት ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ቁም ነገር የውሃው ቅዝቃዜ ነው። በደረቅ ቀን አየሩ 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ፀሐዩ ከበረዶው ላይ እየነጠረ ፊት ያቃጥላል፤ ሰውም በሸሚዝ መቀመጥ ያምረዋል። ከካያኩ በታች ያለው ውሃ ግን ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ውሃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ስለሆነም ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ውሃ ወደ 4 ዲግሪ በተጠጋ ቁጥር እየከበደ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቀዝቃዛውም ተተክቶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ያህል ጥልቅ የሆነ ሐይቅ ከላይ እስከ ታች ወደዚያ መጠን እስኪደርስ ድረስ ላዩ የመሞቅ ተስፋ የለውም። በሌላ አነጋገር፣ በባሕር ዳርቻው ላይ በጋ ሲገባ ሐይቁ ገና የካቲት ላይ ነው።

የካናዳው የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብረክት በበረዶ ውሃ ውስጥ ስለሚወድቅ ሰው ያስተማሩት የአንድ፣ የአሥርና የአንድ ደንብ ለእኔ ከማንኛውም የቀዘፋ መመሪያ ይበልጣል። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰው ሳይወድ በግድ ስቦ ስለሚተነፍስ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ይሰጥማል። የሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች ጣትና ክንድ ገና የሚታዘዙበት ጊዜ ናቸው፤ ወደ ጀልባው መመለስም ሆነ ገመድ መያዝ የሚቻለው በዚሁ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ እጅ እንጨት ይሆናል። የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት የሚደረሰው ግን 1 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ከዚህ የምንረዳው ብዙ ሰው የሚያልቀው በብርድ ደንዝዞ ሳይሆን ገና በትንፋሹና በእጁ ላይ ማዘዝ ሲያቅተው መሆኑን ነው። የነፍስ አድን ሰደርያ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያሻግራል፤ በአንገትና በእጅ አንጓ ላይ በጎማ የሚዘጋው ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ፣ ከውስጡም የሱፍ ልብስ ተደርቦ፣ አሥሩን ደቂቃ ያራዝማል። ፀሐይ አይቶ ሰደርያውን ከኋላው ላስቲክ ሥር የሚያስር ቀዛፊ አጋጥሞኛል፤ በእንዲህ ያለ ሰው አብሮነት ከዳር መራቅ አልፈልግም።

ወደ ሐይቁ በገባንበት ቀን ነፋሱ የሰበረውን በረዶ ደቡባዊው ዳርቻ ላይ ጠርጎ አከማችቶት አገኘነው። ከዳር ሲታይ አንድ ወጥ ነጭ ክምር ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን ሌላ ነው። የሚበሰብስ የሐይቅ በረዶ እንደ ብርጭቆ አይሰነጠቅም፤ ከላይ ወደ ታች በቆሙ፣ እንደ ጧፍ በቀጠኑ ዘንጎች እየተለያየ ይፈርሳል። አንዱን ቁራጭ በመቅዘፊያዬ ጫፍ ነካ ሳደርገው ጠንካራ የመሰለኝ ነገር በአንድ ጊዜ ወደ መቶ ዘንግ ተበትኖ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ሞገዱ ባነሣውና ባወረደው ቁጥር ዘንጎቹ እየተጋጩ የጸናጽል ድምፅ ይሰጡ ነበር። የካያኩ አፍንጫ በመካከሉ ሲያልፍ ድምፁ በላስቲኩ ሆድ በኩል እስከ ጭኔ ድረስ ይሰማኛል። ዘንጎቹ ግልጽ ናቸው፤ አንዱን አንሥቼ ስመለከተው በውስጡ ረድፍ ሠርተው የታሰሩ የአየር አረፋዎች ነበሩበት።

ውበቱ እንዳለ ሆኖ አደጋውም ከዚያው ነው የሚመነጨው። የተንሳፈፈ በረዶ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል፤ ጠዋት ክፍት የነበረ መተላለፊያ ማታ ይዘጋል። ወዳጄ ለዚህ አንድ የማይጥሰው ሥርዓት አለው፤ በበረዶና በዳርቻ መካከል ወዳለ ጠባብ ውሃ ነፋሱ ወደ ዳር እየነፈሰ ሳለ ጨርሶ አይገባም። «አሁን ነፋሱ ሲዞር ይህ በር ነው፤ ካልዞረ ወጥመድ ነው» አለኝና ካያኩን ወደ ዳር መልሶ ፔርሙዙን ከፈተ። ቡናችንን እየጠጣን ከቀትር እስከ ማታ ጠበቅን። በትዕግሥት መቀመጥ የቀዘፋው ግማሽ መሆኑን የማይቀበል ሰው በዚህ ወቅት ባይመጣ ይሻለዋል።

ስለ ነፋሱም ትንሽ ልጨምር። ከአትላንቲክ የሚነሣው እርጥብ አየር የኖርዌይን ተራሮች ሲወጣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል፤ በዚህም ምክንያት አቢስኮ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚዘንብባት፣ በስዊድን ካሉ ደረቅ ቦታዎች አንዷ ናት። ዝናቡ ከተራራው ማዶ ይቀራል፤ ነፋሱ ግን ይሻገራል። ተሻግሮም በሐይቁ ርዝመት ላይ የሚያግደው ነገር ስለማያገኝ፣ በምዕራብ ጫፍ ትንሽ የነበረው ሞገድ ምሥራቅ ሲደርስ አጭርና ቁልቁለታማ ማዕበል ይሆናል። ምዕራባዊው ነፋስና የበረዶው መሰባበር አንድ ላይ ሲገጥሙ ሰኔና ሰኞ ማለት ያ ነው፤ ውሃ ላይ መገኘት አይገባም።

እኛ የተሻገርነው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነፋሱ ረጋ፤ በረዶውም ከዳር ፈቀቅ ብሎ ሰፊ መተላለፊያ ከፈተልን። ፀሐይ በሰሜን በኩል ከተራሮቹ ጫፍ በላይ ዝቅ ብላ ስለነበረ በቀጥታ ወደ እርሷ ነበር የምንቀዝፈው። ከበስተ ኋላችን ላፖርተን የሚባለው፣ ግግር በረዶ እንደ ገበታ ጎድጓድ አድርጎ የቀረጸው ሸለቆ በሁለት ተራሮች መካከል ተከፍቶ ይታያል። ከኪሩና ማዕድን የጫነው ባቡር በደቡብ ዳርቻ ሲያልፍ፣ 68ቱ ፉርጎዎች ሐዲዱን የሚረግጡበት ድምፅ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ በጠራ ሁኔታ ይሰማ ነበር። በመካከሉ ላይ ማንም አይናገርም፤ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ካያክ በዐይኑ ይጠብቃል፣ ርቀቱም በጩኸት ከሚሰማው አይበልጥም።

ታላቅ እህቴ ከመነሣቴ በፊት ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «አንተ ልጅ፣ የጣና ታንኳ ላይ አልወጣም ብለህ ወደብ ላይ ያስለቀስከን አይደለህም እንዴ?» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ መድረቅ ያለበት ጀልባ ነው። ዛሬ ግን ታንኳውን የሚቀዝፉትን ሰዎች ይበልጥ አደንቃለሁ፤ ያለምንም ክዳንና ሰደርያ ማዕበሉን ከሩቅ አይተው ቀድመው ወደ ዳር የሚገቡበት ዕውቀት እኔ በብዙ ዕቃ የምተካው ነው።

በሰሜኑ ዳርቻ ላይ በርች ከሚባለው ድንክ ዛፍ ሥር በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር፤ ድንኳናችንን የተከልነው ነፋስ ባደረቀው የጠጠር ጉብታ ላይ ነው። በስዊድን ሕግና ልማድ ማንም ሰው በተፈጥሮ መካከል በነፃነት መዘዋወርና ለአጭር ጊዜ ማደር ይፈቀድለታል፤ ይህ መብት ግን አለመረበሽንና አለማበላሸትን ያስከትላል። ወቅቱ ለሳሚ ሕዝብ አጋዘን አርቢዎች ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ እንስቶቹ በግንቦት የወለዷቸው ግልገሎች ገና ጨቅላ ስለሆኑ፣ የደነገጠ መንጋ ቢሮጥ ልጅ ከእናት ይለያያል። ጠዋት ላይ ጥቂት አጋዘኖች ወደ ውሃው ወርደው ስናይ ካያኮቹን ሳናንቀሳቅስ፣ ድምፅም ሳናሰማ እስኪያልፉ ቆየን። አእዋፍ የሚፈለፍሉበትን ወንዝ አፍም እንዲሁ ከሩቅ ዞረን አለፍን፤ ወንዙ ራሱ በበረዶ መቅለጥ ሞልቶ ቡናማ ውሃውን እስከ ሐይቁ መሐል እየገፋ ስለነበር፣ ለአእዋፉ ባይሆን እንኳ ለራሳችን ስንል አንጠጋውም ነበር።

ለመመለስ ከታሰበው በላይ ሰነበትን፤ ነፋሱ አልፈቀደም። በዚህ ወቅት ተጨማሪ ምግብ መያዝ ግዴታ ነው፤ ማንም ሰው የሚያበስለው ያለቀበት ጊዜ የማይሻገረውን ውሃ መሻገር ያምረዋል። እኛ ምስርና በሶ ስለነበረን አልቸኮልንም፤ ወዳጄም በሶውን በቀዝቃዛ የሐይቅ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ከለመደ በኋላ ከእኔ ድርሻ ይወስድ ጀመር።

በሚቀጥለው ሰኔ ከምዕራቡ ጫፍ ተነሥተን ነፋሱን በጀርባችን ይዘን ወደ ምሥራቅ እንውረድ ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ወዳጄ ግን ነፋሱ እኛን በሚነዳበት አቅጣጫ በረዶውንም ቀድሞ ነድቶ ከፊታችን ያከማቸዋል ብሎ ገና አልተስማማም።