ፊቱ ፓስ-3፣ ሆዱ ፓስ-3ኤክስ

የገዛሁት የዳይናኮ (የአሜሪካ የድምፅ መሣሪያ አምራች) ፕሪአምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፁን ለዋናው ማጉያ የሚያዘጋጅ መሣሪያ፣ የፊት ሰሌዳ ላይ «ፓስ-3» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ጽሑፉን አምኜ ለሳምንታት ሸክላ ሳዳምጥበት ቆየሁ። አንድ ቀን ግን የቤዝና የትሬብል (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ) ማዞሪያዎቹን መሀል ላይ አድርጌ የሙከራ ድምፅ ለቀቅሁበትና ለካሁት። በልኬቱ ግራፍ ላይ የግራውና የቀኙ ቻናል መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ አየሁ። ፓስ-3 እንዲህ አይደለም። በእርሱ የቶን ሰርኪዩቱ (ቤዝና ትሬብልን የሚያስተካክለው ክፍል) ሁልጊዜ በድምፁ መንገድ ላይ ስለሚቆም፣ ማዞሪያዎቹ መሀል ላይ ሆነውም ሁለቱ ቻናሎች በጥቂቱ መለያየታቸው አይቀርም።

ገመዱን ነቅዬ፣ ካፓሲተሮቹ የያዙትን ኤሌክትሪክ አራግፌ (ውስጡ 300 ቮልት ገደማ አለና ይህን አትዝለሉ) ክዳኑን ከፈትሁ። ድምፁን የሚያጎሉት ባለ ዘጠኝ እግር 12ኤኤክስ7 ቲዩቦች (የመስታወት ቫልቮች) አራት፣ ተለዋዋጭ ጅረትን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ባለ ሰባት እግሩ 12ኤክስ4 ሬክቲፋየር አንድ። ለቲዩቦቹ ማሞቂያ ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጠው የሴሊኒየም ሬክቲፋየርም በቦታው አለ። ይህ ሁሉ ግን ሞዴሉን አይለይም፤ ፓስ-2፣ ፓስ-3 እና ከእነርሱ በኋላ የመጣው ፓስ-3ኤክስ የሚጋሩት ነው። እንዲያውም ፓስ-2 እና ፓስ-3 የሚለያዩት በመልክ ብቻ ነው፤ በሰሌዳውና በማዞሪያዎቹ።

ምስጢሩ የነበረው ከቶን ማዞሪያዎቹ ጀርባ ነው። የ3ኤክስ ማዞሪያዎች ልክ መሀል ላይ ሲደርሱ የቶን ሰርኪዩቱን ከድምፁ መንገድ ያስወጡታል። ያገኘኋቸው እነዚያን ነበር። በዙሪያቸው ያለው ብየዳ ከሌላው ይልቅ ያብረቀርቃል፣ የሽቦዎቹም ቀለም የተለየ ነው። ዳይናኮ መሣሪያዎቹን ገዢው ራሱ እንዲገጣጥማቸው በክፍል በክፍል ይሸጥ ነበር፤ ፓስ-3ን ወደ 3ኤክስ የሚቀይሩ ዕቃዎችንም አቅርቧል። ስለዚህ ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ባለቤት በጥንቃቄ ቀይሮት፣ ሰሌዳውን እንደነበረ ትቶታል ማለት ነው። የዚያን ሰው ብየዳ እያየሁ ረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ፤ እጁ ንጹሕ ነበር።

በሌሎች አምራቾች ዘንድ ደግሞ ስሕተቱ ከዚህ ይብሳል። ማራንትዝ 7ሲ ስድስት ቲዩብ አለው፤ 7ቲ ግን በመልክ እጅግ ይመስለውና ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ ነው። ፎቶግራፍ ብቻ አይታችሁ ገንዘብ ልትከፍሉ ከሆነ ሻጩን የውስጡን ፎቶግራፍ ጠይቁት።

ሰሌዳውን አልቀየርሁትም። ከክዳኑ ውስጥ «ቶን ክፍሉ 3ኤክስ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ መልሼ ዘጋሁት።