የመስከረሙ ወረቀት፦ የትምህርት ቤታችንን ዜና መጻፍ እንዴት ተማርሁ

የትምህርት ቤታችንን የአዲስ ዓመት ዜና እንዳዘጋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዝሁት በ2015 ዓ.ም. መባቻ ነበር። የማስተምርበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሲሆን ልጆቹ በሁለት ፈረቃ ይማራሉ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ አማርኛ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የግድግዳ ጥቅስ መጻፍና የሚኒ ሚዲያ ክበብ መምራት ሳይጠየቅ የሚጫንበት ዕዳ ነውና፣ ርእሰ መምህሩ «አንድ ገጽ የምታህል፣ ልጆቹን የምታነቃቃ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ አልተገረምሁም።

ገጹን በአንድ ምሽት ጨረስሁት። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በ«እንኳን አደረሳችሁ» ይጀምርና ስለ አደይ አበባ መፍካት አራት መስመር ያህል ያትታል፤ ቀጥሎ ባለፈው ዓመት ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ተማሪዎች ስም ይዘረዝራል፤ ከዚያም ቤተ መጻሕፍቱ ይታደሳል፣ አዳዲስ መጻሕፍት ይገባሉ፣ ሜዳው ይስተካከላል፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል እያለ ይወርድና፣ ጠንክሮ የተማረ ሁሉ ካሰበበት እንደሚደርስ መክሮ ያበቃል። ሰኞ ጧት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ በሞንታርቦው አነበብሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሦስተኛ ክፍሎች መቆነጣጠር ጀምረው ነበር፤ የክረምቱን ደመና ጥሳ የወጣችው የመስከረም ፀሐይም አናታቸውን እየጠበሰችው ስለ ነበር አልፈርድባቸውም። ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛው ፈረቃ ስደግመው እኔም ራሴ ሰለቸኝ።

ወረቀቱን ከስንዴ ዱቄት በተሠራ ሙጫ በር አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በማግስቱ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው የግቢው ጥበቃ ጠሩኝና «መምህር፣ ዜናዎን ፍየል በላችው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ግቢው በክረምቱ ሣር ስለ ተዋጠ የሰፈር ከብትና ፍየል ይገባበታል፣ ዱቄቱ ደግሞ ጨው ጨው ሳይል አልቀረም፤ ከግድግዳው ላይ የቀረው «እንኳን አደረ» የሚለው ብቻ ነበር። መምህራኑ ለሳምንት ያህል ሲስቁብኝ ሰነበቱ። አንዳቸውም ግን «ከተበላው ውስጥ ይህ ቀረብኝ» አላሉኝም፤ ያ ከፍየሏ የባሰ ነገር እንደ ነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሲሆን ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ «ቲቸር፣ ቤተ መጻሕፍቱ መቼ ነው የሚከፈተው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። በጀቱ እንደሚለቀቅ ቃል ተገብቶልን ነበርና እኔም ያንኑ ቃል ነበር የጻፍሁት፤ በጀቱ ግን አልመጣም። ልጁ በኅዳር መጠየቁን ተወ። መጠየቁ ሳይሆን መተዉ አሳፈረኝና ወረቀቱን አውጥቼ ግሦቹን በቀይ እስክሪብቶ መቁጠር ያዝሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ሌላ የማውቀው መላ የለም። ከሃያ አንድ ግሦች ውስጥ አሥራ አራቱ በ«ይ» የሚጀምሩ ነበሩ፦ ይታደሳል፣ ይገባሉ፣ ይስተካከላል፣ ይሰጣል፣ ይመቻቻል። «ይታደሳል» የሚለው ቃል ማን እንደሚያድሰው አይናገርም፣ መቼ እንደሚታደስም አይናገርም፤ ሰሚው የሚይዘው ሰውም ቀንም የለውም። የቢሮ ሪፖርት በዚህ ዓይነት ግሥ እንደሚሞላ ማንም ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ሪፖርት ጽፌ ለሰባት ዓመት ሕፃናት አንብቤላቸው ኖሯል።

ሁለተኛዋ በየካቲት የወላጆች ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጡ እናት ናቸው። ከሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ይሸጣሉ። «የኔ ልጅ ከሃምሳ ሦስተኛ ወደ ሃያ ስምንተኛ መጥቷል፤ እሱ ዜና አይደለም?» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ሞላ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሃያ አምስት ደረጃ መዝለል ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ከመውጣት እንደሚከብድ የሚያውቅ መምህር ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም የመስከረሙ ዝርዝር ከሦስት በታች ላለው ሰው ቦታ አልነበረውም። እንዲያውም ያ ዝርዝር ለሃምሳ ሰባቱ ልጆች የሚነግረው ነገር ቢኖር «ይህ ወሬ አይመለከታችሁም» የሚል ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም የገጠመኝ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች በራቸውን መክፈት ተስኗቸው ነበር፤ ወደ እኛም ዘመድ ያላቸው ልጆች ከገጠር ወረዳዎች መጥተው ይመዘገቡ ነበር፣ አንዳንዶቹም መልቀቂያና ካርድ አልነበራቸውም። በዚህ ጊዜ ማበረታቻ መጻፍ ለራሱ ሐሰት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ አዲስ የመጡትን ለመቀበል «ተፈናቅለው ወደ እኛ የመጡ እህትና ወንድሞቻችንን እንኳን ደህና መጣችሁ እንላለን» ብዬ ጽፌ አነበብሁ። በበጎ ልብ ነበር። በዕረፍት ሰዓት አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ መጥታ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመችና «ቲቸር፣ እኔ እኮ ስም አለኝ» አለችኝ።

ምን ተብሎ ቢጻፍላት እንደምትወድ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «በገመድ ዝላይ ማንም አይችለኝም ብለው ይጻፉ» አለች። የሚቀጥለው ሰኞ በስሟ ያው ተነበበ፤ በዕረፍት ሰዓትም ሊፈትኗት የመጡ ልጆች ከመማሪያ ክፍላቸው በር ጀምሮ ተሰልፈው አየሁ። ከሁለት ወር በኋላ ማይኩን ይዛ ዜና የምታነበው እሷ ሆነች።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ከሥሩ ለወጥነው። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ዘጋቢዎች ተመረጡ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ደብተር ተሰጣቸው፤ ረቡዕ ረቡዕ እየተሰበሰብን ያመጡትን እንሰማለን። አንድ ወሬ ከመጻፉ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ማን አደረገው? አንተ በዓይንህ አይተሃል? ባለቤቱስ ስሙ እንዲነሣ ፈቅዷል? ሦስተኛዋ ጥያቄ የዚያች ልጅ ናት። በአንደኛዋ ደግሞ «ግቢው ጸዳ» ብሎ የመጣ ዘጋቢ ተመልሶ ሄዶ «ሰባተኛ ‹ለ›ዎች ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ሣር በሁለት ማጭድ አጨዱት፤ ሦስተኛው ማጭድ እጀታው ወልቋል» የሚል ይዞ ይመጣል። የማጭዱ እጀታ መግባቱ እኔን ደስ አሰኝቶኛል፤ በሳምንቱ የአንድ ተማሪ አባት እጀታውን ሠርተው ላኩልን፣ «ማጭድ ይጠገናል» ብለን ብንጽፍ ኖሮ እስከ ዛሬ እንጠብቅ ነበር። ንባቡ ከአራት ደቂቃ እንዳያልፍ ተወሰነ። ወረቀቱም ላስቲክ ለብሶ ከቢሮው ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ፍየል በማትደርስበት ቁመት ይሰቀላል።

ወላጆች ዘንድ ማድረሱ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ለሁሉም የሚበቃ ቅጂ ለማባዛት ገንዘብ የለንም፣ ብዙ ወላጆችም አያነቡም። ስለዚህ ለአንድ ክፍል አራት ቅጂ ብቻ አባዝተን፣ ወረቀቱ ከቤት ቤት እየዞረ ልጁ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ እንዲያነብና ወላጅ ጀርባው ላይ እንዲፈርም አደረግን፤ በዚያው የንባብ የቤት ሥራ ሆኖ ይያዝለታል። በመጀመሪያው ዙር ከተመለሱት ወረቀቶች አንዱ ጀርባው ላይ፣ ከሁለት ፊርማዎች መካከል፣ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ነበረበት። ቀለም መስሎኝ ስነካው ጣቴ ጠቆረ፤ ከሰል ነበር። እኒያ በቆሎ የሚጠብሱት እናት ልጃቸው ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዳነበበላቸው፣ የአሻራ ቀለም ቢያጡ አውራ ጣታቸውን ከሰሉ ላይ አሽተው እንዳተሙበት ልጁ ነገረኝ። የተነበበላቸው ገጽ «በሂሳብ ከ38 ወደ 61» የሚል የእሱን ዜና የያዘ ነበር። ያን ወረቀት ለሚቀጥለው ቤት አላሳለፍሁትም፤ ሌላ ቅጂ በራሴ ወጪ አሠራሁ።

የስምንተኛ ክፍሎች ጥያቄ ግን በእንዲህ ያለ ዜና የሚመለስ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. መስከረም አንዱ ልጅ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ከመቶ አምስት ሰው ብቻ የሚያልፍ ከሆነ እኛ ምን አለፋን?» አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ የ2016ቱም 5.4 በመቶ መሆኑ ያኔ ገና መነገሩ ነበር። ክበቡ ውስጥ ተከራከርን፤ ከፊሎቹ መምህራን ልጆቹን ተስፋ ያስቆርጣል ብለው ነበር። እኔ ግን ልጆቹ ቁጥሩን ከቤታቸው ሰምተው እንደመጡ፣ እኛ ዝም ብንል የምናጣው የእነሱን እምነት ብቻ እንደሆነ ስለ ተሰማኝ ቁጥሮቹን እንዳሉ አወጣናቸው። ከሥራቸውም ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥታ በዚያ ዓመት ፈተናውን ያለፈች አንዲት ልጅ በስልክ የነገረችንን አተምን። ጠንክሩ አላለችም። «ሰባተኛ ክፍል ሂሳብ 41 አግኝቼ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ» አለች፤ ከዚያ በኋላ የተሳሳተችውን ጥያቄ ሁሉ በሌላ ደብተር ላይ እንደገና መሥራት እንደ ጀመረች ነገረችን። 41 እንዲጻፍ ስንጠይቃት ስቃ ፈቀደች። ያን ሰሞን ሰባተኛ ክፍሎች ዘንድ «የስሕተት ደብተር» የሚባል ነገር ተጀመረ፤ እንዲጀምሩ የነገራቸው አልነበረም።

አብዛኛው የመስከረም ዜናችን ግን እንዲህ የከበደ አይደለም። ምንጩም ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጻፈው «ክረምቱን እንዴት አሳለፍሁ» የሚለው ድርሰት ነው። ቀድሞ አርሜ የምመልሰውን ዛሬ እንደ ማዕድን እቆፍረዋለሁ። በዚያው በ2017 አንድ ከዓባይ ማዶ የሚመላለስ የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በክረምቱ ሦስት ጊዜ በርምጃው እንደ ለካው ጻፈ፦ በሐምሌ 655፣ በነሐሴ 641፣ በጳጉሜ 612። «እግሬ እየረዘመ ነው» ይላል ድርሰቱ። ይህ ሲነበብ ሰልፉ ጸጥ አለ። የሂሳብ መምህሩ የድልድዩ ርዝመት 380 ሜትር መሆኑን ነግረው የአንዱን ርምጃ ልክ በየክፍሉ አሠሯቸው፤ ቅዳሜ ዕለትም የድልድዩ እግረኛ መንገድ በሚቆጥሩ ልጆች ተሞላ።

ዘንድሮ ያው ልጅ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል። ታላቁ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በመመረቁ ዘጋቢዎቹ ሁሉ ስለ እሱ መጻፍ ፈለጉ፤ እኔ ደግሞ ሬዲዮው የነገረንን ደግመን ማንበብ ምን ይፈይዳል ብዬ ልከለክል ዳዳኝ። ልጁ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ መጣ፦ «እኔ ስቆጥር ከሥሬ ያለፈው ውኃ አሁን ግድቡ ጋ ደርሷል።» ምንም አላረምሁትም፤ እንዳለ ወጣ።

ቤተ መጻሕፍቱም ተከፍቷል። የተከፈተው ባለፈው መጋቢት ነው፤ መምህራንና ወላጆች መደርደሪያውን በራሳቸው ቀለም ቀቡት፣ በሩም እስኪከፈት ድረስ ወረቀታችን ላይ አንድም ቃል አልወጣም። ያ ይጠይቀኝ የነበረው ልጅ አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው። ቤተ መጻሕፍቱን እንዳየው ጠየቅሁት፤ ሁለት መጽሐፍ መዋሱን ነገረኝና ሄደ፣ የቆየውን ነገር አላነሣብኝም።

የዘንድሮውን የመስከረም ወረቀት ረቂቅ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ያረመችው ግን ያቺ በገመድ ዝላይ ማንም የማይችላት፣ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ናት። ስትመልስልኝ ከታችኛው መስመር ላይ «የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል» የሚለውን በቀይ ከብባው፣ ዳር ላይ «ቲቸር፣ ማን ነው የሚሰጠው?» ብላ ጽፋበታለች። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ሰረዝሁትና የራሴን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ «ከመስከረም 24 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት» የሚለውን ጻፍሁበት።