የሚተነፍሰው ሌላ፣ የታመመው ሌላ

ዛሬ ጎሃ ጽዮን ላይ ያለ ምክንያት ከብዶኝ ነቃሁ። ከፊቴ የአባይ በረሃ፣ ከኋላዬ ማዳበሪያ የተጫነ ተሳቢ፣ በመስታወቱ ላይ የሌሊቱ ጤዛ፤ ሁሉም እንደወትሮው ነበር፣ እኔ ብቻ እንደወትሮዬ አልነበርኩም። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ስለዚያ ክብደት ልጽፍ ነው።

ምናልባት የከበደኝ የማታው የድራየር፣ የፍሬኑን ንፋስ የሚያደርቀው ዕቃ፣ ድምፅ ይሆናል። ከፍቼ ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ሲተፋ ነበር የመጣው። የፍሬኑ ንፋስ ሞልቶ የሚሞላው ኮምፕሬሰር ሲያርፍ ድራየሩ አንድ ጊዜ ‹ጵሽ› ብሎ ይተፋል፤ ፔዳሉ ካልተነካ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ማለት አለበት። ፍሬን ሳልይዝ እየደጋገመ ከተፋ ኮምፕሬሰሩ አንድ የሚፈስ ነገር ሲሞላ ውሏል ማለት ነው። ሆኖም ማታ 8 ባር ላይ የተውኩትን የንፋስ መለኪያ መርፌ ጠዋት 7 ተኩል ላይ አገኘሁት። ጀማሪ ብሆን ኖሮ ‹ደህና ነው› ብዬ ቁልቁለቱን እጀምር ነበር።

ብዙ ሰው ጎማውን የሚይዘው ንፋስ ይመስለዋል። በፔዳሉ ላይ እውነት ነው፤ በእጅ ፍሬኑ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሚይዘው ጎማው አጠገብ ባለው የፍሬን ጣሳ፣ በቻምበሩ፣ ውስጥ ያለው ወፍራም ሞላ (ስፕሪንግ) ሲሆን፣ የንፋሱ ሥራ ሞላውን ጨምቆ ጎማውን ነፃ ማውጣት ነው፤ ንፋሱ ሲያልቅ መኪናው ራሱ የሚይዘውም ለዚህ ነው። እንግዲህ የእጅ ፍሬን ይዞ ባደረ መኪና ላይ ያ የስፕሪንጉ ክፍል ከንፋስ ባዶ ነው፣ ባዶ ክፍል ደግሞ አያፈስም። ሞተሩ ሲነሳ በበኩሉ ኮምፕሬሰሩ የሚፈሰውን እየሞላ ጉዱን ይሸፍነዋል። ጥፋቱ የሚያዘው ሞተሩ ጠፍቶ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ሆን ብሎ ካልሆነ በቀር ማንም አያደርገውም።

ሜዳ ላይ አቁመን ረዳቴ ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረገ። 8 ሞልቼ ሞተሩን አጠፋሁና የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ። በመጀመሪያ የሚወርደው ቻምበሮቹን ለመሙላት ስለሆነ አይቆጠርም፤ ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ነው የማየው። የፊተኛው መስመር መርፌ ንቅንቅ አላለም፣ የኋለኛው ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ባር ያህል ወረደ። የተሳቢውን ቀይ ቱቦ ነቅለን ደግመን ሞከርን፤ አሁንም ወረደ። ስለዚህ ጥፋቱ የጎታቹ ነው።

ረዳቴ ሥር ገብቶ ብዙም ሳይቆይ “ጋሼ፣ እዚህ ይተነፍሳል” አለ። ጣቱ ለኋላ ቻምበሮች የፔዳሉን ንፋስ የሚያከፋፍለው ሪሌይ ቫልቭ የታችኛው አፍ ላይ ነበር። ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም አልሰማሁም። በጣሳ የበጠበጠውን የኦሞ አረፋ ሲቀባው አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ያበጣል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ያበጣል፤ እኔ ግን ዝምታውን ነበር የምሰማው። “አዎ፣ ይኸው” አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ከዓመታት በፊት ልክ እዚሁ ቦታ ሲተነፍስብኝ አንድ ጋራዥ ያንኑ ቫልቭ ሁለት ጊዜ ለውጦ ሁለት ጊዜ አስከፍሎኛል። ቫልቩ ግን ምንም አላጠፋም ነበር። በቻምበሩ ውስጥ የስፕሪንጉን ክፍል ከፔዳሉ ክፍል የሚለየው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሲያልቅ፣ ንፋሱ በፔዳሉ መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ በቫልቩ አፍ ይወጣል፤ የታመመው አንዱ፣ የሚያቃስተው ሌላው። መለያው ቀላል ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ሲያዝ ትንፋሹ ከቆመ ቫልቩ ንጹሕ ነው።

ወደ ጋቢና ወጥቼ ያዝኩት። “ቆመ?” “ቆመ፣ ጋሼ።” ለቀቅሁት። “ጀመረ።” ከዚያ የአራቱን ቻምበሮች የፔዳል ቱቦ አንድ በአንድ እየፈታን ንፋስ የሚመልሰውን ስንፈልግ የቀኙ የመጨረሻው ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ቻምበር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ ቀኑ አለቀ። መካኒኩ ከሁሉ በፊት ሞላውን በረጅሙ ብሎን ጨምቆ አሰረው፤ ያ ሞላ ሳይታሰር ካመለጠ ሰው ይገድላል።

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ጆሮዬ ነበር። ግራ ጆሮዬ ስንት ዓመት ሙሉ ክፍት መስኮትና የሞተር ጩኸት ሲጠጣ እንደኖረ ማን ቆጥሮታል? ረዳቶቼን ሁሉ “መኪና በጆሮ ነው የሚነዳ” እያልኩ አስተምሬያለሁ። ታዲያ ዙሪያውን ዞሬ፣ አዳምጬ፣ “ደህና ነው” ብዬ በዚህ ቁልቁለት ያወረድኳቸው መኪኖች እውነት ደህና ነበሩ ወይስ እኔ ነኝ ያልሰማሁት? ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ለምን ታስጮኸዋለህ ስትለኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ማጉያ ነበር የምወቅሰው። ቫልቭ መለወጥ ማለት ይኸው አይደለም?

ማታ ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ፍተሻ በመዳፌ አደረግሁት። እጄን አርጥቤ ቫልቩ አፍ ላይ አስጠጋሁ፤ ቅዝቃዜ የለም፣ ትንፋሽ የለም። ረዳቴ አየኝ፣ ምንም አላለም። ልጁ አዋቂ ነው፤ ወይም አስቀድሞ ገብቶታል።

ቅድም ባለቤቴ ደውላ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል፣ በአጠገባችን መኪና ያልፋል፣ እሷ በረጅሙ አንድ ነገር አስረዳችኝና “እሺ?” አለች። “እሺ” አልኳት። በጣም ደስ አላት። አሁን መብራት አጥፍቼ ተኝቼ ምን እንደተስማማሁ እያሰብኩ ነው። ለስልክ መዳፍ የት ይደረጋል?