አሥር ቶን የሚያነሣው ክሪክ

የምሠራበት ጋራዥ ለኪራይ የሚወጡ ካምፐር ቫኖችን ያዘጋጃል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ታንከር የተሸከሙ መኪናዎች ናቸው። ደንበኛ ለእረፍት ይዟቸው ይወጣል፤ ሲመለሱ እኛ እናጥባለን፣ ዘይት እናያለን፣ የጎደለውን እናሟላለን። ከዕቃዎቹ ሁሉ ብዙ ሮሮ ሲያስነሣ የኖረው ክሪኩ ነበር። ከፋብሪካ አብሮ የመጣው የመቀስ ክሪክ (ጥርስ ያለው ዘንጉ ሲዞር እንደ መቀስ የሚከፈተው) ቀጭን ነው፣ እጀታውም እጅ ይልጣል። ደንበኛው መኪናውን ሲረከብ ያየውና «ይህ ነው ይህን ሁሉ ቤት የሚያነሣው?» ይላል።

አለቃችን ሮሮው ሲሰለቻቸው ለሁሉም ቫኖች አሥር ቶን የሚያነሣ የጠርሙስ ክሪክ (ጠርሙስ የሚመስል፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮሊክ ክሪክ) አስመጡ። «መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ 3.5 ቶን ነው፤ ከእንግዲህ ክሪክ አቃተኝ ብሎ የሚደውል አይኖርም» አሉ። ነገሩ አሳማኝ ነበር። የጋራዡ ትልቁ መካኒክ ብቻ አንዱን ክሪክ አንሥተው ቁመቱን በስንዝር ለኩና ምንም ሳይናገሩ ወደ ቦታው መለሱት። እኒህ ሰው ዝም ሲሉ መጠርጠር ነበረብን።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ምሽት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ የኋላ ግራ ጎማቸው ተንፍሷል።

«ልጄ፣ ክሪኩ እምቢ አለኝ።»

«ማንሣት አቃተው፣ አባቴ?»

«ማንሣቱንማ መች አየነው! ከነጭራሹ አይገባም።»

ስደርስ ከመኪናው ወገብ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ ክሪኩን እዚያ ውስጥ ለማቆም እየታገሉ ነበር። የክሪኩ አናት የፋብሪካ ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ የመኪናው ጠርዝ ግን በግፊያ ተፋፍቋል። የጠርሙስ ክሪክ ሙሉ በሙሉ ሲወርድም የራሱ ቁመት አለው፤ የአሥር ቶኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማው አየር ሲኖረው ይህ ቁመት በቀላሉ ይገባል። ጎማው ሲተነፍስ ግን ቸርኬው መሬት ሊነካ ይደርሳል፣ የመኪናው ወገብም አብሮ ይወርዳል። ክሪክ የሚፈለገው ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው! ሻጩ ቶኑን በደማቅ ቀለም ይጽፈዋል፤ ዝቅተኛውን ቁመት ለማግኘት ግን ካርቶኑን ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ሌላም ጣጣ ነበር። ስኮርታው ከኋላው ወለል ሥር በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ነው። ሰውየው እንደ መመሪያው ገመዱን አላልተው መሬት አድርሰውታል፤ ነገር ግን የመኪናው ጀርባ ስለ ወረደ ስኮርታው ከባምፐሩ ሥር ሊወጣ አልቻለም። ስኮርታውን ለማውጣት መኪናው መነሣት አለበት፣ መኪናውን ለማንሣት ክሪኩ መግባት አለበት፣ ክሪኩ ደግሞ አይገባም።

ጉድጓዱን አብረን ደፈንነው። ጭነት ሲያርፍበት ጠርዙ የሚናድ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ክሪክ መኪናውን አንሥቶ መሐል ላይ ከሚጥለው፣ ጨርሶ ባያነሣው ይሻላል። መፍትሔው በራሳቸው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተገኘ። ካምፐር ቫን ዘንበል ያለ ቦታ ላይ ሲያድር ወለሉን ለማስተካከል ከጎማ ሥር የሚገቡ የፕላስቲክ ታኮዎች አሉት። የተነፈሰውን ጎማ ከታኮው የታችኛው እርከን ላይ ቀስ ብለው እንዲያወጡት አደረግሁ። መኪናው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ይህም ለክሪኩ በቃው።

ከማንሣቴ በፊት ባለቤታቸውን ከመኪናው አስወርጄ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አገድኋቸው። በብዙ ቫኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ አንዱ ሲነሣ የሚይዘው ሌላው ብቻ ይሆናል። ቡሎኖቹንም ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላኋቸው። ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አነጠፍሁ። ሰውየው «አሥር ቶን የሚችል ብረት ጣውላ ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ብረቱማ ይችላል፤ የማይችለው መሬቱ ነው። የክሪኩ መቀመጫ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ አንድ ቶን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አፈር 10 ኪሎ ይሸከማል። በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ሲገባ ይኸው ጫና ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት ላይም ቢሆን ጣውላው አይቀርም።

በማግሥቱ ትልቁ መካኒክ አለቃችንን ጠርተው፣ ከቆመ ቫን ላይ አንድ ጎማ አስተነፈሱና ክሪኩን ሰጧቸው። «እስቲ ያስገቡት።» አለቃችን ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ተንበረከኩ። ግራ ሞከሩ፣ ቀኝ ሞከሩ፣ ክሪኩን አጋደሙት፤ በመጨረሻ ሜትር እንዲመጣላቸው ጠየቁ።

ልኬታው ግማሽ ቀን ወሰደ። በየመኪናው ዓይነት፣ ጎማው ተንፍሶ ሳለ ከመሬት እስከ ማንሻው ነጥብ ያለውን ቁመት መዘገብን። ቫኖቹንም ውኃቸውን ሞልተን አስመዘንን። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፤ ማቀዝቀዣውና ምድጃው በአንድ በኩል ስለሆኑ ያ ወገን ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚይዘው ዘንግ) ሁለት ቶን ገደማ ቢሸከም በአንድ ጎማ ላይ የሚያርፈው ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም። ሦስት ወይም አራት ቶን የሚያነሣ ክሪክ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። ያጠረን ጉልበት ሳይሆን ቁመት ነበር፤ እሱም በሁለቱም በኩል። ሲወርድ በጣም ማጠር፣ ሲወጣ በጣም መርዘም አለበት፤ ምክንያቱም ከወገቡ የተነሣ መኪና አካሉ ከፍ ቢልም ጎማው ባሌስትራው (ሞላው) እስኪዘረጋ ድረስ መሬቱን አይለቅም፣ አየር የተሞላው ስኮርታ ደግሞ ከተነፈሰው ጎማ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ለዚህ የተገኘው ፒስተኑ ባለ ሁለት እርከን የሆነ የጠርሙስ ክሪክ ነው፤ አንዱ ዘንግ ከሌላው ውስጥ ይወጣል። የመኪናው መመሪያ ከአክስሉ ሥር ማንሣትን በሚፈቅድባቸው መኪናዎች ላይ ሥራው ይበልጥ ይቀልላል፤ ጎማው ወዲያው መሬት ይለቃል።

የተናቀውን የመቀስ ክሪክም ዝቅ ላሉት መኪናዎች መለስነው። አናቱ ለዚያ መኪና ጠርዝ ተብሎ የተቀረጸ ስለሆነ አይንሸራተትም። እጅ ይልጥ የነበረውም ጥርሱ ደርቆ ስለነበር ነው፤ ግራሶ ተቀባ፣ ረጅም እጀታ ተገዛለት፣ ሮሮውም ቀነሰ። እኔ በበኩሌ ብቻዬን መንገድ ላይ ብቀር የምመርጠው እሱን ነው፤ ዘይት የለውም፣ አያፈስም።

የሃይድሮሊኮቹን ግን ኪራይ ከመውጣታቸው በፊት ጭነት ላይ እንፈትናቸዋለን። መኪናው ይነሣል፣ ከሥሩ የብረት መቆሚያ በትንሽ ክፍተት ይገባል፣ የፒስተኑ ከፍታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፣ ከምሳ በኋላ ይታያል። ምልክቱን ለቅቆ የወረደ ክሪክ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ይቀየርለታል። ዘይት ሲጎድለውም የክሪክ ዘይት እንጂ የፍሬን ዘይት አይጨመርም፤ የፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ያበላሸዋል። የአሥር ቶኖቹን ክሪኮች የከባድ መኪና ጋራዥ ወሰዳቸው። አንዱን ትልቁ መካኒክ አስቀርተው የመኪና ቡሽ (በግፊት የሚገባ ቀለበት) ለማስወጣት በሠሩት መጭመቂያ ላይ ገጥመውታል፤ እዚያ ማንም የቁመቱን ነገር አያነሣበትም።