ሽቦው እምቢ ሲል ጌታ መንገድ ከፈተልኝ

ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር። የምጽፈው በተለይ የልብ ድካም ላለባችሁ ወገኖቼ ነው።

ሁለቱ የታችኛው ልቤ ክፍሎች እኩል አይመቱም ነበር። ቀኙ ይቀድማል፣ ግራው ይዘገያል። ደሙ በደንብ አይገፋም። ትራስ ካልደራረብኩ እንቅልፍ የለም። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ይላል። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ገባልኝ፤ ግን ወደ ግራው ክፍል የሚሄደው ሽቦ የሚያልፍበት የደም ሥር አልመች አለ። ሐኪሞቹ ሞክረው ሞክረው ተዉት። የዚያን ሌሊት ጸሎቴ አጭር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ሌላ መንገድ ካለ አሳየኝ።»

መንገዱ በአልትራሳውንድ፣ ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ፣ መጣ። ሕክምናው ዋይዝ ሲአርቲ ይባላል። የሩዝ ፍሬ የምታክል ኤሌክትሮድ በግራው የልብ ክፍል ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ትተከላለች። ሽቦም ባትሪም የላትም። ባትሪውና ሞገድ አስተላላፊው በግራ ጎን ከቆዳ ሥር ይቀበራሉ። ነባሩ ፔስሜከር ቀኙን ሲያስመታ አስተላላፊው ያንን ይይዝና ወዲያው አልትራሳውንድ ይልካል። ኤሌክትሮዷ ሞገዱን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይራ ግራውን ታስመታለች። በቃ፣ ሁለቱ አብረው ይመታሉ።

ግን አልትራሳውንድ አየር በሞላው ሳንባ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ በጎድን አጥንቶች መሐል ሳንባ የማይሸፍነው ክፍተት መገኘት አለበት። ካልተገኘ ነገሩ አበቃ። ባለሙያዋ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ መሣሪያውን በአጥንቶቼ መሐል ታንሸራትታለች። «ተንፍሺ። ያዢው። አሁን ተቀመጪ።» ምስሉ ይደበዝዛል፣ ልቤ ከስክሪኑ ይጠፋል። እኔ በልቤ ስሙን እጠራለሁ። ድንገት እጇ ቆመ። «እዚህ ጋ ጥርት ብሎ ይታያል» አለች። እዚያው አልጋው ላይ አለቀስኩ።

ሐኪሜ አደጋውንም አልደበቀኝም። ሕክምናው በተፈተነበት ዋና ጥናት ከመሣሪያው ወይም ከአተካከሉ ጋር የተያያዘ ችግር ያልገጠማቸው 80.9 በመቶዎቹ ናቸው። የቀሩት ገጥሟቸዋል። ፈራሁ። ፍርሃቴንም ለጌታ ነግሬው ገባሁ።

«እምነት ካለሽ መሣሪያ ምን ያደርግልሻል?» ያሉኝ አሉ። የለመንኩት መንገድ ነበር፤ የሰጠኝም መንገድ ነው። ሞገዱን የፈጠረ እሱ፣ ለሰው ጥበቡን የሰጠ እሱ።

አሁን ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ትንፋሽ መለመን ቀርቷል። መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፣ ክትትሌም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አጽድቆታል። «ሽቦው አይሆንልህም፣ አይሆንልሽም» የተባላችሁ ካላችሁ ስለዚህ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔም እየጸለይኩላችሁ ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!