ከግንፍሌ እስከ ቀበና

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግሥት፣ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ግንፍሌ ድልድይ ወረድሁ። ወንዙ ደፍርሶ እንጨትና የፕላስቲክ ጠርሙስ እያላተመ ይወርዳል። ዳር ካለ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል አየሁ፤ ከቁመቴ በላይ ነው። ሙላቱ ሌሊት እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ከድልድዩ አጠገብ በቆሎ የሚጠብሱ እናት እንዲህ አሉኝ፦ «የሚያስፈራን የዚህ ዝናብ አይደለም ልጄ፤ እዚህ ጠብ ሳይል ከላይ የሚመጣው ነው።»

«ላይ» ያሉት እንጦጦን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከዚያ ተራራ እስከ መሐል ከተማ ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ቁልቁለቱ ውሃውን ፋታ አይሰጠውም። የባሕር ዛፉ ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ በሚወሰድበት ቦታ ደግሞ አፈሩ ራቁቱን ስለሚቀር፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ አፈሩን ይዞ ይሮጣል። የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ መክፈያ ነው፤ በሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን ሲቀላቀል፣ በደቡብ የወረደው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

ከዚያ ወደ ቀበና አለፍሁ። በሽቦ ታስሮ የተደረደረ የድንጋይ ግንብ ዳርቻውን ደግፎታል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ግንቡ ጎርፉን ወደ ታችኛው ሰፈር ያሳልፈዋል እንጂ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው ላይኛው ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን፣ የሚተከል አገር በቀል ዛፍና ውሃ የሚያሰርግ ጉድጓድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የወንዝ ተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ውሃ በተፋሰስ እንዲመራ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ እኔ ግን የማየው ወረዳው የራሱን ዳርቻ ብቻ ሲጠግን ነው። ከዚህ ታጥቦ የሄደው አፈር አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል፤ ከከተማው የሚወጣው ፍሳሽም በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ ከሚያለማው ገበሬ ማሳ ይደርሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ግንፍሌ ስመለስ እንጦጦ ጠቁሮ ነበር። እኚያ እናት ማንደጃቸውን አንሥተው መንገዱን ተሻግረዋል፤ እኛ ዘንድ ገና ፀሐይ ነበር።