ጠርሙሱ ሙሉ ነው

በጥምቀት ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚመላለስ ሚኒባስ አንድ ቀን ቢቆም ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚያጣ የሚነግረኝ አያስፈልግም። እኔ ግን እንዲህ ያለውን መኪና ጥር 3 ቀን ተቀብዬ፣ አራት ቀን ጋራዥ ውስጥ አቁሜ፣ ሕመሙን ሳልነካ መልሼዋለሁ። በእጄ የደረጃ 4 የብቃት ማረጋገጫ ነበረኝ፤ የሥራ ልምዴም ስድስት ዓመት ሞልቶ ነበር።

ባለቤቱ ራሳቸው የሚያሽከረክሩ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ዓባይ ማዶ ካለው ጋራዣችን ሲገቡ ችግሩን በሚገባ አስረዱኝ። «ሜዳው ላይ ደኅና ነው፤ ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን ምንም ሳይለኝ አልፋለሁ። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱን ስይዝ ነው የሚፈላው። ቆሜ ሳየው ደግሞ ውሃው አላለቀም፤ ጠርሙሱ ሙሉ ነው።»

«ይፈላል» የሚለውን ሰማሁ። ስለ ትርፍ ውሃ መያዣው ጠርሙስ የነገሩኝን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን ሰምቼ ጣልሁት።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃ ስሞላ ሁለት ሊትር ያህል ወሰደ። የዳገቱን ጫና እንዲመስልልኝ ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን አቁሜ፣ ክዳኑን ሳልመልስ ሞተሩን አስነሣሁና ነዳጅ እየሰጠሁ ጠበቅሁ። ከብዙ ደቂቃዎች በኋላ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ተንፈቀፈቀ። ተማሪ ሳለሁ የያዝሁት ትምህርት ወዲያው ትዝ አለኝ፦ በራዲያተር አፍ አረፋ ከወጣ የቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሎ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። «ጋሼ፣ ቴስታታው መፈታት አለበት» አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ ሆኖም አመኑኝ።

ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ ጤነኛ ነበር። በሲሊንደሮቹ መካከል የጋዝ መንገድ የሚያሳይ የጠቆረ መስመር የለም። ዘይቱ ከውሃ ጋር አልተቀላቀለም። ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ በስፔሰር (ጠባብ ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ስለካው መጣመሙ ከተፈቀደው ወሰን አላለፈም። እዚያው ላይ ሥራውን አቁሜ ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብኝ። ነገር ግን ለሰውየው ምክንያቱን ተናግሬ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተናገርሁትን እንዳላጥፍ ስል ዓይኔ ያየውን ካድሁ። «ትንሽ ስንጥቅ ይሆናል፤ በዓይን አይታይም» ብዬ ለራሴ ነገርሁትና አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። ብሎኖቹን በቅደም ተከተላቸው በቶርክ መለኪያ አጠበቅሁ፤ ዘይት ቀየርሁ። በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጄ ሞከርሁት፤ ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም። ባዶ መኪና በአጭር ዳገት ላይ የሚያሳየው ነገር እንደሌለ ዛሬ አውቃለሁ። ጥር 7 ቀን ማታ አስረከብሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣ እዚያው ቦታ ቆሜአለሁ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

መሣሪያዬን ይዤ ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ተሳፈርሁ። የፎገራን ሜዳ እስካቋርጥ ድረስ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይገለባበጥ ነበር። ስደርስ ተሳፋሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል፤ አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ጥላ ሥር ይዛለች። ሰውየው አልተቆጡኝም። ኮፈኑን ከፍተው በጣታቸው አሳዩኝ፦ «ነግሬህ ነበር እኮ፤ ጠርሙሱ ሙሉ ነው።»

ሞተሩ ቀዝቅዟል። የትርፍ ውሃ መያዣው ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቷል። ራዲያተሩን ስከፍተው ግን ውሃው አይታይም፤ ወደ ታች ወርዷል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ተገለጠልኝ፤ ያ ሁለት ሊትር ውሃ ወዴት እንደሄደ አለመጠየቄም ጭምር።

የራዲያተር ክዳን ድስት እንደሚከደንበት ያለ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሥራ አለው። ትልቁ ስፕሪንግ ግፊት ይይዛል፤ በዚያ መኪና ክዳን ላይ 0.9 ተብሎ ታትሟል፤ በግፊት መለኪያው 0.9 ባር ማለት ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ፣ ወደ ጠርሙሱ የሸሸው ውሃ ተመልሶ እንዲሳብ ታደርጋለች። ጎማው የደረቀ ክዳን ሁለቱንም አይችልም፤ ሲሞቅ ውሃውን ያስወጣል፤ ሲበርድ በውሃ ፋንታ አየር ያስገባል። ስለዚህ ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ይጎድላል። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ የምርመራው ውጤት ነበር።

አረፋውስ? ይኼ ነው ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው። ደኅና ክዳን ግፊቱን ሲይዝ የመፍያው ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ይወጣል፤ ክዳን ከሌለ በጤናማ ሙቀትና በመፍላት መካከል የቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። እኔ ክዳኑን አውልቄ፣ ካርቶን ጋርጄ፣ ጤነኛ ሞተር ያለውን ውሃ በገዛ እጄ አፈላሁና «ጋዝ ነው» አልሁ። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጀምሮ አረፋ ያወጣል። የእኔ አረፋ የመጣው ሙቀቱ ከወጣ በኋላ ነበር። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፤ በጣና ዳር የሚያስተምሩ መምህራን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቻቸውን ውሃ አስፍልተው በቴርሞሜትር እንዲለኩ ቢያደርጉ ብዙ ቴስታታ ሳይፈታ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ራዲያተሩን ሞልተን በዝግታ ተመለስን። ጋራዥ ስንገባ ክዳኑን በእጅ ፓምፕ ፈተንሁት፤ የግፊት መለኪያው 0.2 ላይ እንኳ መቆም አቃተው። የውስጡ ጎማ እንደ አጥንት ደርቆ ተሰንጥቋል። በትክክለኛው ልክ አዲስ ክዳን ገዛሁ። ተራ ውሃውንም አፍስሼ በኩላንት፣ ለሞተር ማቀዝቀዣ በተዘጋጀው ፈሳሽ፣ ተካሁት፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ማድረግ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ከባዱ መጣ። የእጅ ዋጋውንና የጓርኒሲዮኑን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ ቴስታታው ጤነኛ ነበር። ያለ ምክንያት ነው የፈታሁት። ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ገንዘቡን ተቀብለው ዝም ብለው ቆዩ። «ገንዘቡስ ይመለሳል፤ ያችን ሴት ከነልጇ ፀሐይ ላይ አስቀምጫት ዋልሁ» አሉ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ሲወጡ ጠርሙሱ ላይ በቀለም ሁለት መስመር አሰመርሁላቸው፤ አንዱ ሲሞቅ፣ ሌላው ሲበርድ ውሃው የሚደርስበት። «ከዳገቱ በኋላ ይዩልኝ» አልኋቸው።

ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ከአዘዞ ደወሉ። ከበስተኋላቸው የሰው ሁካታ ይሰማል።

«ዳገቱን አለፍን። ቁርስ እስክንበላ አቁሜ ሞተሩ ሲበርድ አየሁት» አሉኝ። «ውሃው ወደ ታችኛው መስመር ወርዷል።»